ግዝት ለማስፈታት ወደ ደልጊ

የሰፈሬ ሰዎች «ጣና ድረስ ሄደሽ ምን አየሽ?» እያሉ ሰነበቱ። ፏፏቴ አላየሁም። ገዳም አልተሳለምኩም፤ ጴንጤ ነኝ። የሄድኩት አንድ የተገዘተ የመመረቂያ ጽሑፍ ለማስፈታት ነው። ይህን ስነግራቸው ይስቃሉ፤ ከዚያ «እንደገና ንገሪን» ይላሉ። ለእያንዳንዱ ጎረቤት በየተራ ከማወራ አንዴ ጽፌ ልገላገል ብዬ ይኸው ተቀመጥኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐዋሳ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት እሠራለሁ። ከአምና ጀምሮ መደርደሪያ ላይ አቧራ ሲጠጡ የኖሩ ጥናቶችን ስካን እያደረግን ኢንተርኔት ላይ እንጭናለን። ማንም ሰው የትም ሆኖ፣ ሳይከፍል፣ ደጅ ሳይጠና ያነባቸዋል። ስካን የሚያደርገው ታምራት ዲያቆን ነው፤ ሥራ ላይ ከተቀመጠ ምሳ ደረሰ ብለው ካልጎተቱት አይነሳም። አንድ ቀን ግን አንድ ጥራዝ በሁለት እጁ ይዞ መጣና ጠረጴዛዬ ላይ ቀስ አድርጎ አስቀመጠው።

«ይህን እኔ አልነካም» አለኝ።

ከፈትኩት። የጣና ነጭ ዓሣ ክረምት ሲገባ ሐይቁን ለቆ በየትኛው ወንዝ ሽቅብ እንደሚወጣና የት እንቁላሉን እንደሚጥል የሚናገር ጥናት ነው። ጸሐፊው አቶ አድማሱ የሚባሉ የዓሣ ባለሙያ ናቸው፤ ድሮ እኛ ጋ ተምረው አገራቸው የተመለሱ። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ግን በእጅ፣ በቀይና በጥቁር ቀለም፣ በሚያምር ቁም ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦ «ይህን መጽሐፍ የሰረቀ፣ የፋቀ፣ የገለበጠ፣ ከዚህም ቤት ያወጣ፣ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዝ ይሁን።»

የብራና መጻሕፍት እንዲህ ያለ ግዝት እንደሚጻፍባቸው ታምራት አስረዳኝ። በመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ግን እሱም አይቶ አያውቅም።

«አምጣው፣ እኔ ስካን አደርገዋለሁ። እኔን አይዘኝም» አልኩት።

አለቃችን ከቢሯቸው ሰምተው ወጡ። «ምሕረት፣ ይያዝሽ አይያዝሽ ያንቺ ጉዳይ ነው» አሉኝ። «ሰውየው ግን አይገለበጥ ብለዋል። በጴጥሮስም ይበሉ በጠበቃ፣ ባለቤቱ አልፈቀዱም ማለት ነው። ፈቃዳቸውን ይዘሽ ነይ።»

ደወልኩላቸው። ጉዳዩን እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «ግዝት በስልክ አይፈታም። ጣና ዳር፣ ደልጊ ነኝ፤ ከፈለግሽ ነይ» ብለው ዘጉት። ተናደድኩ። ሰው በደህና ቀን ዓሣ አጥንቶ እንዲህ ይሆናል? ግን ቤቴል የምትባል የባሕር ዳር ተማሪ «ያ ጥናት መቼ ነው የሚጫነው?» እያለች በየሳምንቱ ትጽፍልናለች፤ መልስ ማጣቴ እያሳፈረኝ መጥቶ ነበር። ተነሳሁ።

ዓርብ

ከሐዋሳ አዲስ አበባ በሚኒባስ። ይህን መንገድ ሐዋሳ ያለ ሁሉ ስለሚያውቀው አላደክማችሁም። እናቴ ግን «ባዶ እጅሽን የሰው አገር አትገቢም» ብላ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ አሸከመችኝ። ጥቅሉ እንደ ሕፃን ጭኔ ላይ ነው የተቀመጠው። ሽታውን ታውቁታላችሁ፤ ራሱን የቻለ ተሳፋሪ ነው። ባቱን እንዳለፍን ሾፌሩ «ቆጮ የያዘው ማነው?» ብሎ ጠየቀ። ሁሉም ጸጥ አለ፤ እኔም ጸጥ አልኩ። «ምነው ታዲያ ክትፎውን ረሳችሁት!» ብሎ ሲስቅ ሚኒባሱ ሁሉ ሳቀ። አዲስ አበባ አክስቴ ጋ አደርኩ።

ቅዳሜ

አውሮፕላን ማረፊያው ፍተሻ ላይ ጥቅሉ አስቆመኝ። ፈታሿ ልጅ ቅጠሉን ገለጥ አድርጋ አሸተተችና ወደ ኋላዋ አፈገፈገች። «ይሄ ምንድን ነው?» ስትለኝ «ምግብ ነው» አልኳት። አላመነችኝም። ጓደኛዋን ጠራች፤ እሱ ገና ከሩቁ ሳቀ። «አሳልፊያት እቴ! አያቴ ቤት የሄድኩ መሰለኝ» አላት። በዚህ ዓይነት ቆጮው ወደ ባሕር ዳር በረረ።

ባሕር ዳር ስወርድ እንዳልወዳት ወስኜ ነበር። የሐዋሳ ሰው ነኛ፤ የሐይቅ ከተማ ስትባል አንድ እኛ አለን ብለን ነው ያደግነው። ግን ዘንባባው እንደኛው ነው፣ ባጃጁ እንደኛው ነው፣ ሐይቅ ዳር ጥንድ ጥንድ ሆኖ የሚንሸራሸረው ጎረምሳና ኮረዳ እንደኛው ነው። ልዩነቱን ሐይቁ ዳር ስቆም አየሁት። የእኛ ሐይቅ ማዶው ተራራው ይታያል፤ ጣና ማዶ የለውም። «ይሄ ሐይቅ ነው ባሕር?» ብዬ የባጃጁን ሾፌር ብጠይቀው «እኛማ ባሕር እንለዋለን፤ እናንተ ዘንድ ያለውን ምን እንደምትሉት አላወቅሁም» አለኝ። ምላስ አለው።

ቤቴል ቤታቸው ይዛኝ ሄደች። አባቷ ፋብሪካ ውስጥ መካኒክ ናቸው፤ ቤተሰቡ ከወላይታ መጥቶ እዚህ ከሰነበተ ብዙ ጊዜው ነው። እናቷ ገና በሩ ላይ ሳለሁ ሽታው ደረሳቸው። «ምን ይዘሽ መጣሽ? ቆጮ ነው? የምርሽን ነው?» ብለው ከእኔ በፊት ጥቅሉን አቀፉት። ከዚያ እኔን። «እዚህ አገር እኮ» አሉኝ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ እየሳቁ፣ «ኮባውን ይተክሉታል፣ በቅጠሉ ዳቦ ይጋግሩበታል፣ ግንዱን ግን ዝም ብለው ይተዉታል! ስንት ጊዜ በአጥር አሻግሬ አይቼ አለቀስሁ!» ንግግራቸው ራሱ ጎጃምኛ ሆኗል። ግማሹን ቆጮ እዚያው አስቀረሁ፤ ግማሹን ለደልጊ አተረፍኩ።

ከምሳ በኋላ ቤቴል ኮምፒዩተሯን ከፈተችልኝ። የምታጠናው ነጭ ዓሣ እንቁላል ሊጥል ሲወጣ ወንዝ አፍ ላይ በመረብ እንዳይታገድ የት የት መከልከል እንዳለበት ነው። «የድሮው ሁኔታ ካልታወቀ የዛሬውን ከምን ጋር አነጻጽራለሁ?» አለችኝ። የድሮውን የሚያሳይ በኢንተርኔት የምታገኘው አንድ ሪፖርት ብቻ ነው፤ አንድ ሌላ ሰው የጻፈው። እኔ ከጥራዙ ግዝቱን ብቻ ሳይሆን ሠንጠረዦቹንም አይቻቸው ነበርና ሪፖርቱን ሳይ ክው አልኩ። ሠንጠረዦቹ የአቶ አድማሱ ናቸው። የአቶ አድማሱ ስም ግን የትም የለም።

«እንግዲህ ሰውየው የሚያኮርፉበት ነገር አላቸው» አልኩ። ንዴቴ ግማሹ እዚያ ቀረ።

እሑድ

ወደ ደልጊ በሐይቁ የሚሄደው መርከብ በሳምንት አንዴ ነው። መርከብ ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ጆንያ፣ ዶሮ፣ ጎማ፣ የላስቲክ ሳፋ ቁልል፣ በመካከሉ ሰው። ሳፋው የእትዬ ዘሃራ ነው። ዘሃራ የደልጊ ነጋዴ ናቸው፤ ዕቃ ከባሕር ዳር እያመጡ ይሸጣሉ፤ መርከቡ ላይ የማያውቃቸው የለም። አጠገባቸው ቦታ አጥቼ ስንቀዋለል አንዱን ጆንያ በእግራቸው ገፋ አድርገው «ነይ እዚህ፣ የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ግዝት ላስፈታ እንደምሄድ ስነግራቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«የአድማሱን ግዝት? አወየው! እሱ ሰውየ ዓሣውንም ገዝቶት ይሆናል፤ ለዚህ ነው የጠፋው!»

ጸጸት የሚሉትን ነገር ደቅ ደሴት ላይ አየሁት። መርከቡ ጌሾ ሊጭን ሲቆም «ትንሽ እግሬን ላፍታታ» ብዬ ወረድኩ። አንዲት ልጅ ሎሚ ስትሸጥ አየሁ፤ ሎሚው ላይ ስደራደር፣ ስለ ሐዋሳ አቮካዶ ሳወራላት፣ መርከቡ ጡሩንባውን ነፋ። ስዞር ከወደቡ ርቋል። ሮጥኩ፣ ጮኽኩ፣ ማንም አልሰማኝም። የሰሙኝ ዘሃራ ናቸው። በኋላ እንደነገሩኝ ሾፌሩ ጋ ወጥተው «እንግዳ ጥለህ ልትሄድ! እናትህ ብትሰማ ምን ትላለህ?» ብለው ሳፋ በሳፋ እየመቱ አቁመውታል። አንድ ባለ ታንኳ አሳፍሮ አደረሰኝ። ታንኳው ደንገል ነው፤ ውኃው ከታች ሰርጎ ቀሚሴን አራሰው። መርከቡ ላይ ስወጣ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ሎሚውን ግን አልጣልኩትም፤ በየተራ አደልኩ።

ማታ ቁንዝላ የሚባል ወደብ ላይ መርከቡ ያድራል። ሆቴል ልፈልግ ስል ዘሃራ «እኔ እያለሁ?» ብለው ተቆጡና የወንድማቸው ሚስት ቤት ይዘውኝ ገቡ። ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ምንጣፍ ተነጥፏል፣ የዓሣ ወጥ ቀረበ። ነጭ ዓሣ ነው፤ ላስፈታው የመጣሁት ራሱ። «እኔ ሐይቅ ዳር ነው ያደግኩት፣ ዓሣ ለኔ ብርቅ አይደለም» ብዬ ፎክሬ ጎረስኩ። እሾሁ ጉሮሮዬ ላይ ተሰካ። የእኛ ሐይቅ ዓሣ፣ ቆሮሶ፣ እሾሁ ትልልቅ ነው፣ ይታያል፤ ይሄ ግን እንደ መርፌ ነው። ሳል፣ እንባ፣ ጀርባ መደብደብ። የቤቱ እመቤት ደረቅ እንጀራ አጣጥፋ አጎረሰችኝና ወረደልኝ።

«ጣና እንግዳውን እንዲህ ነው የሚቀበል» አሉ ዘሃራ ሳይስቁ። ከዚያ መሳቅ ጀመሩና ማቆም አቃታቸው።

ለምስጋና ቆጮ አቀረብኩ። ከኮባ እንደሚሠራ ስነግራቸው «ኮባ ይበላል እንዴ!» አሉ ሁሉም ባንድ አፍ። ቀመሱት። «ደህና ነው» አሉኝ፤ እንግዳ ላለማሳዘን ነው መሰለኝ። ዘሃራ ግን ሁለተኛ ቆርሰው «እርሾ የበዛበት ዳቦ ነው፤ በዓሣ ወጥ ይሄዳል» አሉ። ለእናቴ ይህን ስነግራት አንድ ሳምንት ኮርታለች።

ሰኞ

ደልጊ እንደ ባሕር ዳር የተነጠፈ መንገድ የላትም። ሐይቁ፣ ቆርቆሮ ቤቶች፣ ጤፍና ሽምብራ ማሳ፣ ከውኃው ዳር ላይ የተንሳፈፈ እንቦጭ። ዳርቻው ላይ አንድ ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጭ ጋቢ የለበሱ ሰው ጃንጥላ ዘርግተው ቆመዋል።

«ግዝት ልታስፈቺ የመጣሽ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

«መርከቡን ላይ ወረድሁ እንጂ በውኃ ትመጫለሽ ብየ አልገመትሁም። ብርቱ ነሽ። ግን በከንቱ ነው የደከምሽ።» ይህን ብለው ሻንጣዬን ተሸክመውልኝ ወደ ቤት መሩኝ።

ባለቤታቸው ሽሮና እርጎ አቀረቡ። ምግቡ ሳያልቅ ነገር ማንሳት ነውር ነው ብዬ መብላቴን ቀጠልኩ። እጃችንን ታጥበን እንደጨረስን እሳቸው ራሳቸው ጀመሩት። ጥናታቸውን ሊያስረክቡ ትንሽ ሲቀራቸው ረቂቁን ለአንድ ወዳጃቸው «እስቲ እየው» ብለው ሰጡት። ጥቂት ቆይቶ አንድ ስብሰባ ላይ ያ ወዳጃቸው ተነስቶ የእሳቸውን ሥራ የራሱ አድርጎ አነበበ።

«ተነስቸ ልጮህ ፈለግሁ። አፌ ተሳሰረ» አሉኝ። «በልጅነቴ የቆሎ ተማሪ ነበርሁ። መጽሐፍ እንዴት እንደሚጠበቅ አውቃለሁ። ሂጄ ቀለም በጠበጥሁና ገዘትሁት። ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካውም። አሁን አንቺ መጥተሽ ለዓለም ሁሉ በሩን ክፈት ትይኛለሽ። ለአንድ ሌባ የሰጠሁትን ለሺሕ ሌባ ልስጥ?»

በመንገድ ሁሉ ሳዘጋጀው የመጣሁትን ንግግር አወጣሁ። «ጋሼ፣ የእኛ ሐይቅ መውጫ የለውም፤ የገባው ውኃ እዚያው ይቀራል። ጣና ግን ዓባይን የሚያህል ውኃ እየሰጠ አልጎደለም።»

«ነገር አታሳምሪ» አሉኝ። «ሐይቅ ማንም ቢቀዳው አይከፋውም፤ የሚሰረቅ ስም የለውም። እኔ ስም አለኝ።»

ልክ ነበሩ። ንግግሬ እዚያው አለቀ። ስልኬን አወጣሁ። ኔትወርኩ እየሄደ እየመጣ ስለ ጣና ነጭ ዓሣና ስለ ወንዞቹ በእንግሊዝኛ ጻፍኩና ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አደረጉ። ያ ሪፖርት መጣ፤ የወዳጃቸው ስም ከላይ አለ። ቀጥሎ ሌሎች ጽሑፎች አሉ፣ ሁሉም እሱን የሚጠቅሱ። ፊታቸው ጠቆረ።

«እስቲ የኔን ስም ጻፊ» አሉኝ ቀስ ብለው።

ጻፍኩ። ቆይቶ ቆይቶ አንድ በስማቸው የሚጠራ ኳስ ተጫዋች መጣ፤ ከዚያ አንድ የሠርግ ዘፋኝ። ሌላ የለም።

ባለቤታቸው ከጎን አይተው ሳቅ አመለጣቸው። አቶ አድማሱ ግን አልሳቁም። ስልኩን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ በጣም አዘንኩላቸው።

«በሩን የዘጋሁ በሌባው ላይ መስሎኝ» አሉ በመጨረሻ። «ሌባውስ ውጭ ነበር። የተቆለፈብኝ እኔ ነኝ።»

«እርስዎ ጋ ያለው ቅጅ የት ነው?» አልኳቸው።

«መሥሪያ ቤት ስንቀይር አይጥ በላው። አይጥ ግዝት አይፈራም።» አሁን ራሳቸውም ሳቁ። «ከዚያ ወዲህ ገጹን አላየሁትም። ምን እንደጻፍሁ ግማሹን ረስቸዋለሁ።»

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል ጋሼ።»

«እያደር ነው የምትይኝ? ስንት አደርሁ ልጄ!»

ያም ሆኖ ሊያነሱት ተስማሙ፤ ግን ግዝት በአንድ ሰው ፍላጎት አይነሳም አሉና ንስሐ አባታቸውን አስጠሩ። አባ ሽማግሌ ናቸው፤ መቋሚያቸውን ተደግፈው ሁሉንም ሰሙ። ይቆጡኛል ወይም ይመክሩኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እሳቸው ግን ሳቁ።

«አድማሱ፣ አንተ እኮ ግማሹን ነው የጻፍኸው» አሉ። «አባቶች ሲገዝቱ መቸ በግዝት ብቻ ያቆማሉ? ለጻፈውም፣ ላጻፈውም፣ ላነበበውም፣ ለሰማውም በረከት አይጽፉም? አንተ ሌባውን አስበህ አንባቢውን ረሳኸው።»

አቶ አድማሱ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ወረቀትና ቀይ እስክሪብቶ አስመጡ። ቁም ጽሕፈታቸው ዛሬም ያምራል። የጻፉት ይህ ነው፦ «ይህን መጽሐፍ ያነበበ፣ የገለበጠ፣ ለወዳጁ የላከ፣ ወደ ሌላ ቋንቋ የመለሰ፣ ብሩክ ይሁን። የጸሐፊውን ስም የፋቀ ግን የቀድሞው ግዝት አይለቀው።»

ፎቶ አንስቼ ለአለቃችን ላክሁት፤ እኔም «ላክሁት» ማለት ጀምሬያለሁ። ወዲያው ደወሉ። «እኛ ለፈቃድ የምናስሞላው ሦስት ገጽ ቅጽ የሚለው ይህንኑ አይደለም እንዴ? የሳቸው ያጥራል!» አሉ። ስልኩን ለታምራት አቀበሉት፤ እኔም ድምፁን ከፍ አድርጌ መካከላችን አስቀመጥኩት።

«ልጄ፣ ግዝቱን አንስቻለሁ» አሉ አቶ አድማሱ። «ንስሐ አባቴም እዚህ አሉ።»

«አባ፣ ይፍቱኝ» አለ ታምራት ከሐዋሳ።

«ምን አድርገህ ልጄ?»

«ጥራዙን ከመደርደሪያ ወደ ጠረጴዛ አውጥቼው ነበር።»

አባ ከሳቅ ጋር እየታገሉ «እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉት። «አሁኑኑ ልጀምር?» አለ፤ መልስም አልጠበቀ፣ የማሽኑ ድምፅ ተሰማን።

ማክሰኞ

ደልጊ ላይ ደህና ኔትወርክ የሚገኘው ዓሣ ከሚራገፍበት ዳርቻ፣ ዋርካው ሥር ነው አሉኝ። ጧት ከአቶ አድማሱ ጋር ወደዚያ ወረድን። ታንኳዎች ገብተው ሴቶች ዓሣ ያጸዳሉ፣ ወንዶች መረብ ይጠግናሉ፣ ይብራ የሚሏቸው ወፎች እንደ አለቃ ይንጎራደዳሉ። እኛ ጋ ይህን ሥራ የያዘው አባ ኮዳ የሚባለው ራሰ በራ ወፍ ነው፤ ይብራ ይሻላል፣ ቢያንስ መልክ አለው።

ጥናቱ ተጭኗል። ከፈትኩላቸው። አቶ አድማሱ ስማቸውን የመጀመሪያው ገጽ ላይ ሲያዩ በጣታቸው ነኩት፤ ገጹ ሸሸና ደነገጡ። ቤቴልም ከባሕር ዳር ጽፋልኝ ነበር፦ «አነበብሁት! ጋሼን በጉንጫቸው ሳሚልኝ!» አልሳምኳቸውም፤ መልእክቱን ግን አነበብኩላቸው። እንደ ልጅ ነው ደስ ያላቸው፤ እኔም ድካሜ ሁሉ ጠፋ።

«ምንድን ነው እሱ?» አሉ መረብ የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ። አያ ፈንቴ ይባላሉ፤ እድሜያቸውን ሙሉ ዓሣ አስጋሪ ናቸው።

«መጽሐፌ ነው አያ ፈንቴ። እንግዲህ ዓለም ሁሉ ያነበዋል።»

«በል አንብብልን፣ እኛም ዓለም ነን።»

አቶ አድማሱ እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ እየመለሱ ያነቡ ጀመር። ነጭ ዓሣ የመጀመሪያው ዶፍ ወርዶ ወንዙ ሲደፈርስ ይሸተዋል፤ ወንዱ ቀድሞ ይወጣል፤ ሴቲቱ ጠጠር ካልሆነ አትጥልም፤ ጭቃ ላይ የጣለችው አይፈለፈልም። ሰው ሥራውን እየተወ ተሰበሰበ። ጭንቅላት ይነቀነቃል፣ «እውነት ነው» ይባላል። አቶ አድማሱ ድምፃቸው ከፍ እያለ ሄደ።

«ቆይማ» አሉ አያ ፈንቴ። «ይችን ጠጠር የምትለዋን ማን ነው ያለ?»

«እኔ ነኝ የጻፍሁት።»

«መጻፍስ ጻፍህ። ማን ነገረህ? በኔ ታንኳ ተሳፍረህ፣ እኔ አይደለሁ ያሳየሁህ?»

«እርስዎ ነዎት እንጂ አያ ፈንቴ፣ መቸ ካድሁ?»

«ታዲያ ስሜ የት አለ?»

አቶ አድማሱ ወደ ስልኩ አዩ። ወደ ታች ገፉት፣ ወደ ላይ መለሱት። አንዱን ቦታ ሳያነቡት ሊያልፉት ሲሉ አየኋቸው። ከዚያ አነበቡት፦ «ዓሣ አስጋሪ ሦስት።»

«ዓሣ አስጋሪ ሦስት ማን ነው?»

«እርስዎ ነዎት።»

ዳርቻው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። «ሦስት! ና ሦስት!» እያሉ ያሾፉባቸው ጀመር። አያ ፈንቴ አልሳቁም።

«ደንቡ ነው አያ ፈንቴ» አሉ አቶ አድማሱ። «ለተናጋሪው ሲባል ስሙ አይጠራም፣ ይሰወራል።»

«እኔ ምን ሰርቄ ነው ስሜ የሚሰወር?»

አቶ አድማሱ ስልኩን ፊታቸው ላይ አስጠጉት። ላብ ላብ አላቸው። ትናንት ስማቸውን ፍለጋ ስልኬ ላይ አጎንብሰው ያየኋቸው ሰው አሁን በስልኬ ተከልለው መሬት ዋጪኝ የሚሉ መሰሉኝ። ከዚያ ግን ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ በሙሉ አፋቸውም ሳቁ፤ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

«ጉድ እኮ ነው» አሉኝ። «ያ ሰውየ አንድ ስም ፋቀ። እኔ የአንድ መንደር ስም ፍቄ ኖሬያለሁ! ምሕረት፣ ያን ዲያቆን ደውይለት።»

ታምራት ስልኩን እንዳነሳ «ደግሞ ምን ተገዘተ?» አለ።

«ስም እንጨምራለን» አልኩት። «የሚስማማው ሁሉ ተጠይቆ፣ ከመጀመሪያው ገጽ ላይ። ይቻላል?»

«ወረቀት መሰለሽ እንዴ? ሁልጊዜም ይቻላል። አምጪ።»

አቶ አድማሱ ማን ምን እንደነገራቸው አንድ በአንድ እያስታወሱ ጠሩ፤ የተጠራው እየተነሳ «ይጻፍ» ይላል። አያ ፈንቴ ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ፤ የአባታቸውንም ስም አረጋገጡና ሳይናገሩ ወደ መረባቸው ተመለሱ፤ ጢማቸው ሥር ግን ፈገግ ብለዋል። ዓሣ አስጋሪ አምስት ሲጠራ ማንም አልተነሳም። አንዲት ዓሣ የምታጸዳ ሴት ቢላዋዋን አስቀመጠች፣ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወደ እኔ መጣች።

«የኔ ባለቤት ነው» አለችኝ። «እሱም ነግሮታል፤ ቤታችን ተቀምጦ ነው የነገረው፣ እኔ ምስክር ነኝ። ግን ሙቷል። የሙት ስም ይጻፋል?»

«ይጻፋል» አልኳት።

ቁጢጥ ብላ አጠገቤ ተቀመጠችና ስሙን ቀስ ብላ ነገረችኝ። የአባቱንም ስም ጨመረች። እኔ ጽፌ ስጨርስ ጣቷን ወደ ስልኩ ዘርግታ «የቱ ነው እሱ?» አለችኝ፤ አሳየኋት።